ሁዳዴ ሊገባ ነው፤ ቆሮሶም ሊራባ ነው

ጥምቀት ካለፈ ወዲህ ግቢያችን መራመጃ የለውም። ከበሩ እስከ ማድ ቤቱ ድረስ መረብ ተዘርግቷል። አባቴ ዱካ ላይ ተቀምጦ የተቀደደውን ይጠግናል፤ ታላቅ ወንድሜ አሮጌውን ገመድ በአዲስ ይቀይራል፤ እናቴ ቢላዎቿን ትስላለች። «ሁዳዴ ደረሰ» ብሎ የሚናገር የለም። ግቢያችንን ያየ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል።

በ2018 የነነዌ ጾም ሰኞ ጥር 25 ይገባል፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ የካቲት 9። ገበሬ መኸር እንደሚለው ሁሉ ለእኛም መኸራችን ይሄ ነው። ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ፣ የሀዋሳ፣ የሻሸመኔና የአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች ፊታቸውን ወደ ሐይቅ ያዞራሉ። ነነዌ ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነች እኛ ቤት «መሞከሪያ» ትባላለች። ነጋዴው ስንት እንደሚሰጥ፣ መረቡ ምን እንደሚይዝ በሷ ታይቶ ለ55ቱ ቀን ይታሰባል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው። እኔ የማውቀው ገበያውን ነው፤ ገበያው ከበላተኛው ጋር ነው።

ታዲያ ሰሞኑን በየስልካችን ላይ አንድ ወሬ ይዞራል። «የሀዋሳ ዓሣ እያለቀ ነው፤ አጥማጆቹ ግልገሉን ሳይቀር እየጨረሱት ነው» ይላል። ከሥር ያለውን አስተያየት አነበብኩት። «ይታሰሩ» ያለ አለ፣ «ሐይቁ ለዓመት ይዘጋ» ያለም አለ። ተናድጄ ስልኬን አስቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ሳስበው ግን ያናደደኝ ነገር ውሸቱ እንዳልሆነ ገባኝ። የሚሉት ነገር ግማሹ እውነት ነው። የጎደለውን ግማሽ ነው ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት።

ዓሣዋም ጾመኛ ናት

መጀመሪያ ስለ ሐይቁ። አሞራ ገደል ሄዳችሁ ከአባ ኮዳዎቹ ጋር ፎቶ ስትነሱ ሐይቁ ማለቂያ የሌለው ይመስላል። ግን ትንሽ ነው። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ራሱ ከ20 ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ የገባው ቆሻሻ እዛው ይቀራል። ያለቀ ዓሣም በሌላ ወንዝ መጥቶ አይተካም።

በሐይቁ ውስጥ ስድስት ያህል የዓሣ ዝርያ አለ። ገበያውን የያዘው ግን ቆሮሶ ነው፤ አምባዛ ይከተለዋል። ጥብሱም፣ ሾርባውም፣ በዳጣ የሚበላው ጥሬውም ባብዛኛው ቆሮሶ ነው። የቆሮሶ አወላለድ ደግሞ ይገርማል። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ አሸዋውን ጎድጎድ አድርጎ ጎጆ ያበጃል። ሴቷ እዛ እንቁላል ትጥላለች፤ ከዛ እንቁላሉን በአፏ ለቅማ ትይዘዋለች። እስኪፈለፈልና ጫጩቶቹ መዋኘት እስኪችሉ ድረስ አፏ ውስጥ ናቸው። አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በዛ ጊዜ ውስጥ እንደልቧ አትበላም፤ እንዴት ትብላ፣ አፏ በልጆቿ ተሞልቶ? እናቴ ዓሣ ስታጸዳ አፏ ውስጥ ብጫ እንቁላል ባገኘች ቁጥር «እሷም ጾመኛ ናት» ትላለች። ልጅ ሆኜ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ጥያቄው ይሄ የሚሆነው መቼ ነው የሚለው ነው። ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ በጥቂቱ ይራባል። የሀዋሳ ሐይቅ ላይ ከተሠሩ ጥናቶች እንደምናውቀው ግን በጣም የሚራባው በሁለት ወቅት ነው። ዋናው በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ነው፤ በእኛ ከጥር እስከ መጋቢት ማለት ነው። ሁለተኛው ከሐምሌ እስከ መስከረም ግድም ይመጣል። እንግዲህ የጾሙን ካላንደር አጠገቡ አስቀምጡት። ሁዳዴ በየካቲት ገብቶ መጋቢትን ይጨርሳል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ዓሣ በጣም የሚፈለግበት ጊዜና ዓሣ በጣም የሚራባበት ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማሉ። ይሄን ማንም አላሰበበትም፣ ማንም ተማክሮ አላደረገውም። በቃ ገጠመ።

ለአባቴ ይሄን ጥናት ከስልኬ ላይ ሳነብለት መርፌውን ሳያቆም ነው የሰማኝ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የመራቢያቸው ወቅት ነው» አልኩት።

«አላውቅም ብለህ ነው? አንተ ሳትወለድ እንቁላሉን በእጄ ይዣለሁ።»

«ታዲያ ለምን...»

«እኔ ብተወው ያኛው ጀልባ ይተወዋል?»

መልስ አልነበረኝም። ምክንያቱም አይተወውም። ያኛውም ስለ እኛ እንደዛው ነው የሚያስበው።

የመረቡን ዓይን የሚያጠበው ማነው?

ብዙ ሰው ዓሣ አጥማጅ ሐይቅ ገብቶ ያገኘውን በፈለገው ዋጋ የሚሸጥ ይመስለዋል። መጀመሪያ መረብ ያስፈልጋል። መረብ ደግሞ ይቀደዳል፣ ጉማሬ ይጥሰዋል፣ ሌሊት ይሰረቃል። ክሩ ከውጭ የሚመጣ ነው። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ብር ሲዳከም፣ እኛ ቤት ድሮ በአንዴ ይገዛ የነበረው መረብ አሁን በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚገዛው።

ስለዚህ ጥር ላይ ብድር ይኬዳል። ለአባቴ ጀልባውን መያዣ አድርጎ ያበደረው ባንክ እስካሁን የለም። የሚያበድረው ዓሣ ነጋዴው ነው። ውሉ ወረቀት ላይ አይሰፍርም፤ ሁሉም ግን በቃሉ ያውቀዋል። መረቡን የገዛልህ ሰው ዓሣህን ይገዛል፤ ዋጋውንም እሱ ይቆርጣል። አምና በሁዳዴ አጋማሽ ገበያው ላይ ዋጋ ሲወጣ ወንድሜ የሚረከቡት ግን ጥር ላይ በተቆረጠው ዋጋ ነበር። «ትንሽ ጨምሩልን እንጂ» ቢል፣ «መረቤን መልስና በፈለግከው ሽጥ» ተባለ። የጾሙ ወቅት አልቆ ሂሳብ ሲተሳሰብ ዕዳው ተከፈለ፤ ለፋሲካ በግ ግን አልተረፈም። ያንን ዓመት ፋሲካን ያከበርነው ከአክስቴ ቤት ነው። ወንድሜ ሆድ ብሶት ምሳውን ሳይጨርስ ነው ተነስቶ የወጣው።

ሌላው ጉዳይ በረዶ ነው። ዓሣ እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዋጋ እስኪወጣ አይጠብቅም። ንጋት ላይ የወጣ ዓሣ እስከ ቀትር ካልተሸጠ ይበላሻል። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው አይደራደርም፤ የሰጡትን ይቀበላል። እናቴ አንድ ነገር ደጋግማ ትላለች፦ «ሐይቁ የኛ፣ ፍሪጁ የነሱ።» የዚህ ንግድ ሙሉ ታሪክ እዚች ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ግልገሉ ዓሣ እንመለስ። ወንድሜ መረብ ሲገዛ ሁለት ምርጫ አለው። ሰፊ ዓይን ያለው ትልልቁን ብቻ ይይዛል፣ ትንሹን ያሳልፋል። ጠባቡ ሁሉንም ይይዛል። ትልቁ ዓሣ እየቀነሰ ሲሄድ ሰፊው መረብ ባዶውን የሚወጣበት ሌሊት ይበዛል። ዕዳ የሌለበት ሰው ባዶ ሌሊትን ይችለዋል፤ ነገ ይሞክራል። ዕዳ ያለበት ግን አይችልም። ስለዚህ ጠባቡን ይገዛል። ከዚያም የባሰው በዳር በዳር የሚጎተተው መረብ ነው። ልክ ወንዱ ጎጆ የሚያበጅበትን ቦታ፣ ጫጩት የሚያድግበትን ሸምበቆ ጠርጎ ነው የሚያወጣው። «ግልገሉን የጨረሰው ስግብግብነት ነው» የምትሉ፣ አንዳንዴ ልክ ናችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የመረቡን ዓይን የሚያጠበው ዕዳ ነው።

ይሄን ስል አጥማጁን ንጹህ ለማድረግ አይደለም። አጥማጁ ብቻውን ሐይቁን አልጎዳውም ለማለት ግን ነው። በጥቁር ውሃ በኩል የነበረው የጨለለቃ ረግረግ አፈርና ቆሻሻ ያጣራ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው እርሻና ግጦሽ ሆኗል። የከተማው ፍሳሽና ፕላስቲክ የት እንደሚገባ ዝናብ በዘነበ ማግስት ፍቅር ሐይቅ ዳር ሄዶ ማየት ይቻላል። ለዚህ ግን «ይታሰሩ» ብሎ አስተያየት የጻፈ አላየሁም።

ሕጉስ ምን ይላል?

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለ ፈቃድ፣ ስለ ተከለከለ አጠማመድ፣ ስለ ተቆጣጣሪ ይናገራል። ችግሩ ሐይቁ ላይ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ አንዱ ዳር ሲዳማ፣ ሌላው ዳር ኦሮሚያ ነው። ዓሣ ክልል አያውቅም። ሲዳማ ከ2012 ጀምሮ ራሱን የቻለ ክልል ነው፤ የራሱን ደንብ ሊያወጣ ይችላል። ግን በዚህኛው ዳር የተከለከለ መረብ በዚያኛው ዳር ከተጣለ፣ ክልከላው የጎዳው ሕግ ያከበረውን ብቻ ነው።

ቁጥጥሩም ቢሆን አጥማጁን እንጂ መረብ አስመጪውን አያገኘውም። መረብ ይያዛል፣ ይቃጠላል። የተቃጠለው መረብ በብድር የተገዛ ከሆነ ዕዳው አብሮ አይቃጠልም። ሰውዬው ሌላ ብድር ይወስዳል፤ ሁለት ዕዳ ይዞ ሐይቅ ይገባል። ይሄኔ የሚገዛው መረብ ከመጀመሪያው የጠበበ ነው።

ሌሎች አገሮች እንዴት አደረጉ?

«ይዘጋ» የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ዛምቢያ በአብዛኛው ሐይቅና ወንዟ ላይ በየዓመቱ ከዲሴምበር 1 እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ዓሣ ማጥመድ ትከለክላለች። ምክንያቱ የመራቢያ ወቅት መሆኑ ነው። ሆኖም በየዓመቱ በዚሁ ወቅት በድብቅ ሲያጠምዱ የተያዙ ሰዎች ዜና አይጠፋም። ሦስት ወር ምን ይብሉ ለሚለው ጥያቄ መልስ ካልተሰጠ፣ ሰው በሌሊት ይወጣል።

ብራዚል ሌላ መንገድ ሄደች። በመራቢያ ወቅት ማጥመድ ሲከለከል፣ ኑሮው በዓሣ ላይ ብቻ ለሆነ አነስተኛ አጥማጅ መንግሥት በየወሩ አንድ ዝቅተኛ ደመወዝ ይከፍለዋል። «ሴጉሮ ዴፌሶ» ይሉታል። ያለ ችግር አልሄደም፤ መረብ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ አጥማጅ ነኝ ብሎ ተመዝግቧል። ሐሳቡ ግን ቀጥተኛ ነው፦ ለሁላችንም ሲል ያረፈ ሰው ለብቻው አይራብ።

ደግሞ ሳይታረፍ የቀረ ጊዜ የሚመጣውም ታይቷል። አላስካ ውስጥ፣ ቤሪንግ ባሕር ላይ የሸርጣን ወቅት ሲቃረብ ቤተሰቡ ሁሉ እንደኛ ግቢ ነው የሚሆነው፤ ወጥመድ ይጠገናል፣ ነዳጅ በብድር ይገዛል። በኦክቶበር 2022 የበረዶ ሸርጣን ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። በቢሊዮን የሚቆጠር ሸርጣን ጠፍቶ ነበር። ተመራማሪዎች ዋናው ምክንያት የባሕሩ ያልተለመደ ሙቀት ነው ብለዋል። እነሱ ጋ ጥፋቱ የአጥማጁ እንኳን አልነበረም። ግን አንዴ ካለቀ በኋላ የማን ጥፋት ነው የሚለው ክርክር ወጥመዱን አይሞላውም። ያቺ ሀብታም አገር እንኳ የድጋፍ ገንዘብ ብትመድብም፣ ገንዘቡ ቤተሰቡ ጋ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ፈጀ። እኛ ጋ ቢሆንስ?

ታዲያ ምን ይሻላል?

ከአባቴና ከወንድሜ ጋር ስንከራከር ከርመን የደረስንበትን ላስቀምጥ። ባለሙያ ይረመው።

አንደኛ፣ ሐይቁ በሙሉ አይዘጋ፤ የመውለጃ ቦታው ይዘጋ። ከጥር እስከ መጋቢት ሸምበቆ ያለበት ዳርና ጥልቀት የሌለው ቦታ ምንም መረብ አይግባበት። የሚጎተተው መረብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይቅር። መሀል ሐይቅ ላይ ሰፊ ዓይን ባለው መረብ ማጥመድ ይቀጥል። አባቴ ይሄን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ይቻላል፤ ቦታዎቹን እኛ እናውቃቸዋለን» አለ። ግን በሁለቱም ክልል ዳር በአንድ ቀን መጀመር አለበት። አለዚያ ባይጀመር ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ቦታው ሲዘጋ ሥራ ለሚያጣው ይከፈለው። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት መክፈት አያስፈልግም። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ሀዋሳ አንዷ ነበረች። ሰዎች መንገድ እያጸዱ፣ ችግኝ እየተከሉ ይከፈላቸው ነበር። በእነዚህ ሦስት ወራት የዳር አጥማጁ ሸምበቆውን ቢጠብቅ፣ ፕላስቲኩን ቢለቅም፣ ለምን በዚያው መንገድ አይከፈለውም? ማን እውነተኛ አጥማጅ እንደሆነ ደግሞ የብራዚል ዓይነት ስህተት እንዳይመጣ ማኅበሩና የሰፈሩ ሰው ቆመው ይመስክሩ። ሐይቅ ዳር ማን መረብ እንደሚጥል የማይታወቅ ሰው የለም።

ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው፤ የዕዳው ሰንሰለት ይቆረጥ። የአጥማጆች የኅብረት ሥራ ማኅበር በረዶ ማምረቻና ማቀዝቀዣ ቢኖረው፣ ሰፊ ዓይን ያለውን መረብ ለአባሉ በረጅም ጊዜ ብድር ቢሰጥ፣ ወንድሜ ጥር ላይ ነጋዴ ደጅ አይቆምም። ከ2015 ጀምሮ ስለ ሌማት ትሩፋት ብዙ እንሰማለን። ኢትዮጵያዊ በዓመት በአማካይ የሚበላው ዓሣ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ የዓለም አማካይ 20 ኪሎ ግድም ነው። ብዙ ዓሣ እንብላ ማለት ጥሩ ነው። ግን ዓሣ የሚጨምረው መረብ በማብዛት ሳይሆን ዓሣው እንዲያድግ በመታገስ ነው። ለመታገስ ደግሞ የማያጣድፍ ብድር ያስፈልጋል።

አራተኛው የእናንተ ነው። በዚህ ጾም ዓሣ ስታዙ፣ ከመብላታችሁ በፊት ለፎቶ ስልካችሁን ማውጣታችሁ አይቀርም። በዚያው ስልኩን ከዓሣው ጎን አስቀምጡት። ሙሉው ቆሮሶ ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው ከስልካችሁ የማይረዝም ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ገና አንዴም ያልወለደ ነው። «ትልቅ የለም?» ብላችሁ ጠይቁ። አምባዛም አለ፣ እሱም ይጣፍጣል። ይሄ ሐይቁን አያድንም። ግን ምግብ ቤቱ ትንሹን አልፈልግም ማለት ሲጀምር ነጋዴውም ትንሹን አይረከብም፤ ነጋዴው ካልተረከበ ጠባብ መረብ የሚገዛ አይኖርም። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ትእዛዝ ሐይቅ ዳር ሳይደርስ ይቀራል። ዋጋ ግን ይደርሳል።

ይሄን እየጻፍኩ ወንድሜ ግቢ ውስጥ አዲሱን መረብ እየፈታ ነው። ዘንድሮም በብድር ነው የተገዛው። ዓይኑን በጣቴ ለካሁት፤ ከአምናው ትንሽ ጠቦብኛል። ምንም አላልኩም፤ እሱም ዓይኔን አላየኝም። አባቴ ግን አይቶን ነበር። መርፌውን አስቀምጦ፣ «ልጄ፣ እኔ ማረፍ ጠልቼ እንዳይመስልህ። 30 ዓመት ሙሉ ብቻዬን ልረፍ ስላልቻልኩ ነው» አለኝ።

ነነዌ ሰኞ ነው። የሚሆነውን እናያለን።